የማንጎና የመስኮት ጠብ

ስቆጣ ራሴን ያመኛል፤ ስለዚህ ቶሎ ብዬ ልናገርና ልገላገል። ሰው በድንበር ይጣላል፣ በውርስ ይጣላል፣ ሲብስበት በኳስ ይጣላል፤ ይገባኛል። እኔ ግን አሶሳ ከተማ ውስጥ፣ ጤነኛ ነኝ ብዬ፣ ክራቫት አስሬ፣ ከአንድ የተማረ ሰው ጋር ሰላምታ እስከ ማቋረጥ የደረስኩት በመዝጊያ ነው። የቤት መዝጊያ እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተር ላይ የተከፈተውን ነገር የምትዘጋ፣ ከምስር የማትበልጥ ምልክት አለች አይደል? እሷ በግራ ትሁን ወይስ በቀኝ? ጠቡ ይኸው ነው። በዚህ ጠብ ጫማዬ ጠፍቷል፣ ስሜ ጠፍቷል፣ ልጄም… ቆይ፣ እሱ ጋ እደርሳለሁ።

ክልሉ አዲስ ነበር። ይህቺን አባባል ልብ በሏት፤ እኛ ቢሮ ውስጥ የሁሉም ጥያቄ መልስ እሷ ነበረች። ወንበር የለም ወይ? ክልሉ አዲስ ነው። ጄኔሬተሩ ለምን ጠፋ? ክልሉ አዲስ ነው። ሽንት ቤቱ እኮ በር የለውም? ክልሉ አዲስ ነው፤ በር ይመጣል። እኔ ከደብረ ብርሃን በፕላን ባለሙያነት ተመድቤ ስመጣ፣ ባለቤቴ አዲስ አበባ አስተማሪ ስለሆነች ከልጃችን ጋር እዚያው ቀረች። ልጃችን ያኔ ገና መዳህ ጀምራ ነበር። የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ የሚሰጠኝን መልስ አሁን እናንተም ታውቁታላችሁ።

አንዴ ብቻ ለስብሰባ አዲስ አበባ ተላክሁና ቤቴ ገባሁ። ልጄ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ብቅ ብላ አየችኝና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ጋሼ።" እኔን! አባቷን! ሲመሽ ደግሞ "ጋሼ ቤቱ አይሄድም?" ብላ እናቷን ጠየቀች። እናቷ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ልጅቷ እንዳትረሳኝ ብላ ጠዋት ማታ "አባዬ አሶሳ ነው፤ ማንጎ ይዞልሽ ይመጣል" ትላታለች። ይህን በስልክ ስትነግረኝ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። ማልቀሴንም ሲያዩ ተናደድሁ።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። ሁለት መጡልን። አንደኛውን ዕቃውን ጠቅልሎ የሚሄድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ትቶልን ሄደ። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና፣ ከሲሚንቶ ጋር ተጭኖ መጣ። የሁለተኛው ስም በእንግሊዝኛ መስኮቶች ማለት ስለሆነ ያለ ክርክር "መስኮት" ተባለ። የመጀመሪያው ግንባር ላይ ግን የተገመጠ ፍሬ ተስሏል፤ ክርክሩ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

"ፖም ነው" አልኩ እኔ።

የቢሮ ኃላፊያችን ኡስታዝ አጠይብ መነጽራቸውን አውልቀው ቀረብ አሉ። ኡስታዝ የአገሩ ተወላጅ፣ በርታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በማስተማር ስለሆነ ኃላፊ ከሆኑም በኋላ ሁላችንም የምንጠራቸው ኡስታዝ እያልን ነው። "ወላሂ ይሄ ማንጎ ነው" አሉ።

"ኡስታዝ፣ ፈረንጅ አገር የሚበቅል ፖም የሚባል ፍሬ ነው።"

"ፖም እዚህ የለም። የሌለ ፍሬ ማን ገመጠ?"

የቢሮው ግቢ ውስጥ ጣሪያውን የተጫነ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ፍሬው ቆርቆሮው ላይ በወደቀ ቁጥር ስብሰባ ይቋረጣል። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። ማንጎ እንዲያ አይገመጥም፣ ማንጎ ሲገመጥ ጭረቱ ይወጣል፣ ጭማቂው እስከ ክርን ይወርዳል እያልሁ ሳስረዳ ኡስታዝ በትዕግሥት አዳመጡኝና "አንተ ከብርድ አገር መጣ፣ እኔን ማንጎ ታስተምራለህ?" አሉኝ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማሽኑ ማንጎ ሆነ። እኔም የማንጎው ሰው ሆንኩ፤ ምክንያቱም ማብራትና ማጥፋት የማውቀው እሱን ነበር።

የመስኮቱ ሰው ገመቹ ነው። ገመቹ የሜንዲ ልጅ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ መዘምራን የሚመራ፣ ድምፁ ጄኔሬተሩን የሚያስንቅ ሰው ነው። እውነት ለመናገር ከማንጎና መስኮት በፊት ወዳጄ ነበር። ምሳ አብረን እንበላለን፣ ጋዜጣ እንዋዋሳለን። ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ነው ያጣላን። የሚገርመው ደግሞ ያ ክፍል ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን ያላነሰ ክብር ነበረው። ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው። ኮምፒውተር አቧራ አይወድም ተብሏል። የካልሲ ሽታ ይወዳል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ሁለቱም ማሽኖች ሥራ ሲፈቱ ዳንቴል ይለብሳሉ፤ የማንጎው ዳንቴል ላይ ጽጌረዳ፣ የመስኮቱ ላይ ወፍ ነበር። በዳንቴሉም ተከራክረናል፤ አሳጥሬው ነው እንጂ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ማንጎው ሲበራ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር መሀል ላይ ብቅ ትልና ፈገግ ትላለች። በቃ ፈገግ። በዚያን ጊዜ አሶሳ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ፈገግ የምትልልኝ እሷ ብቻ ነበረች። ፊደሉ ጥርት ያለ፣ መስመሩ ቀጭን፣ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን የያዘ ነው። መስኮቱን ደግሞ ተመልከቱት። ግራጫ! ዝናብ የመታው ሲሚንቶ ዓይነት ግራጫ። ያንን ሁሉ መንገድ ከሲሚንቶ ጋር ተጭኖ ሲመጣ ተጋብቶበት ይሆናል። የሚጫኑት ቁልፍ ሁሉ እንደ መጋዘን በር ወጣ ወጣ ያለ ነው። ከኋላው ያለው ቀለም የአልጋ ቤት ግድግዳ የሚቀባው ያ ውሃ አረንጓዴ ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ግን ታች በግራ በኩል ያለችው "ጀምር" የምትል ቁልፍ ናት። ማሽኑን ለማጥፋት ስትፈልግ የምትጫነው እሷን ነው። አዎ፣ ለመጨረስ ጀምር! ይህን ለገመቹ ስነግረው ቆሽቴ አርሮ ነበር።

"አቦ ተወኝ" አለኝ። "የኔ ሲከፈት ሰማይ ነው የሚያሳይህ። ሰማያዊ፣ ከነደመናው። ሰው ሰማይ አይቶ ሥራ ሲጀምር ቀኑ ይባረካል። ያንተ ምን ያሳይሃል? ጥርስ!"

"ጥርስ አይደለም፤ ፈገግታ ነው!"

"ደግሞስ ዲስኬት እንዴት ነው የምታወጣው? ሰው እንዲሰማህ ጮክ ብለህ ንገረኝ።"

ተያዝሁ። ማንጎው ላይ ዲስኬት ለማውጣት የዲስኬቷን ሥዕል እየጎተትህ ወስደህ የቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ትጥላታለህ። ያኔ ማሽኑ ዲስኬቷን ተፍ ያደርጋታል። የዓመት ሥራህን የያዘችውን ዲስኬት፣ ቆሻሻ ውስጥ! ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረግሁት ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ግን ለገመቹ ይነገራል? "ይሄ እኮ እምነትህን መፈተኛ ነው" አልኩት። እንዲህ ያለ የጅል መልስ በሕይወቴ ሰጥቼ አላውቅም፤ ያውም ለመዘምራን መሪ።

ከዚያ መዝጊያዋ መጣች። ማንጎው ላይ መዝጊያዋ በግራ ናት፤ መስኮቱ ላይ በቀኝ።

"በር በየት በኩል ነው የምትዘጋው?" አለ ገመቹ እየተነሳ። የክፍሉን በር ከፍቶ ዘጋው። ከፍቶ ዘጋው። "እጀታው በቀኝ! ሰው በቀኝ እጁ ነው የሚዘጋው!"

"ከውጭ ከሆንክ በግራ ነው!"

"ማን ነው ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ከውጭ የሚሆነው?"

"ጽሑፋችን ከግራ ይጀምራል፤ ዓይን ያለው ግራ ነው፤ መዝጊያም ዓይን ባለበት ነው የሚሆነው!"

በሩ ሲንጓጓ ኡስታዝ ካልሲያቸውን እየጎተቱ ገቡ። ነገሩን ሰሙ። ጥቂት አሰቡና "ዓረብኛ ከቀኝ ይጀምራል፣ ግራ ላይ ያልቃል። የሚዘጋ ነገር ሲያልቅ ነው። መዝጊያ ግራ ነው፣ ኸላስ" ብለው ወጡ። ፈረዱልኝ! በምን ምክንያት እንደፈረዱልኝ ባይገባኝም ገመቹን አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ለየብቻ ሆነ። ቢሮውም ተከፈለ። ሒሳብ ክፍል መስኮት፣ መዝገብ ቤት ማንጎ፣ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁት ሹፌሮች እንኳ ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ ሆኑ።

እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነው በሉት። አሁን ነው ነገሩ አጥንት ውስጥ የገባው። ለክልሉ ቢሮዎች ሁሉ ኮምፒውተር ሊገዛ ነው፤ አንድ ዓይነት ብቻ ይመረጥ ተባለ። ምርጫው ለእኛ ቢሮ ተሰጠ፤ ሁለቱም ዓይነት ያለው እኛ ጋ ብቻ ነዋ። የተመረጠውን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ደግሞ ለረጅም ሥልጠና አዲስ አበባ ይላካል። አዲስ አበባ! ከልጄ ጋር አንድ ቤት ማደር፣ ጠዋት ፊቷን ማጠብ፣ እጇን ይዞ ሱቅ መሄድ። ጋሼ የሚለው ስም ከላዬ ላይ እስኪለቅ ድረስ ዓይኗ ሥር መዋል። ገመቹ ለምን መሄድ እንደፈለገ አላውቅም፤ ልጠይቀውም አልቻልኩም፤ ተኳርፈናላ።

በምን ይመረጥ? ስለ ጥገና የሚያውቅ የለም፤ ስለ ፍጥነት የሚያውቅ የለም። ኮሚቴው ተሰብስቦ ተሰብስቦ "ለዓይን የሚስማማው ይመረጥ" አለ። በአጭሩ የቁንጅና ውድድር። ሠራተኛው ሁሉ ይይ፣ አስተያየት ይስጥ፣ ኡስታዝ ይወስኑ።

የውድድሩ ዕለት የክፍሉ ደጃፍ በጫማ ተሞላ። ቆዳ ጫማ፣ ኮንጎ፣ ሸበጥ፣ የኡስታዝ ሹል ጫማ፣ ለዚያ ቀን ብዬ ቀለም የቀባሁት የእኔም ጫማ። ውስጥ ሰው በሰው ላይ ቆሟል። በሩ ላይ የንብረት ክፍሉ አቶ ዘለቀ ቁልፋቸውን አንጠልጥለው ቆመዋል። አቶ ዘለቀ ማሽኖቹን ገቢ ያደረጉ ሰው ናቸው፤ የትኛው ያምራል ሲባሉ "ሁለቱም የንብረት ቁጥር አላቸው" ብለው የመለሱ ሰው ናቸው። ከዚህ ሌላ በጉዳዩ ውስጥ የሉበትም ነበር። ነበር ልበል እንጂ።

ዕጣ ወጣና እኔ ቀደምሁ። ዳንቴሉን ገለጥሁ፤ አበራሁ። ፈገግታዋ ብቅ ስትል ሰው ሁሉ አብሮ ፈገግ አለ። ኡስታዝ ሳይቀሩ! የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ "የኔ ቆንጆ" አለቻት። ፊደሉን አሳየሁ፤ መስመሩን አሳየሁ፤ መዝጊያዋን በግራ ከፍቼ ዘጋሁ፤ ኡስታዝ ራሳቸውን ነቀነቁ። አሸነፍሁ! ልቤ ነቀምትን አልፎ አምቦ ደርሷል። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ገመቹን አፉን ላስይዘው ብዬ "አሁን ደግሞ ዲስኬት አወጣጡን ላሳያችሁ" አልኩ። ዲስኬቷን እየጎተትሁ ወስጄ ቅርጫቱ ውስጥ ጣልኋት። "እንዴ!" አለ ሰው። ማሽኑ ቆመ። ቀጥ አለ። ከዚያ መስታወቱ ላይ ሥዕል ወጣ።

የምን ሥዕል? እናንተ ብትሆኑ ማሽን ተበላሽቻለሁ ለማለት ምን ትስላላችሁ? የታመመ ሰው፣ የተሰበረ እንስራ፣ ሌላም ሌላም። ይህን ማሽን የሠራው ሰው፣ በሰላም አገሩ ቁጭ ብሎ፣ ቡናውን እየጠጣ፣ ቦምብ ሣለ። ክብ፣ ጥቁር ቦምብ፤ ክሩ ላይ እሳት የተያያዘበት። ከተማችን ገና ከጦርነት መውጣቷ ነው። ጫካ ውስጥ ብረት ነገር ካያችሁ እንዳትነኩ እየተባለ ትምህርት ቤት የሚነገርበት ዘመን ነው። አቶ ዘለቀ ከበሩ መጥተው በትከሻዬ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

"ቦምብ!"

ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ አላስፈለገም። ክፍሉ በአንድ ትንፋሽ ባዶ ሆነ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ሦስት ወንዶች ረግጣ ወጣች። ገመቹ በመስኮት ዘለለ፤ በእውነተኛው መስኮት። እኔ "ሥዕል ነው! ሥዕል ነው!" እያልሁ ስጮህ ብቻዬን ቀረሁ። ቦምቡን አየሁት፤ አየኝ። ሰው ሁሉ እንዲያ ሲሮጥ ሥዕሉንም ተጠራጠርሁትና እኔም ተከትዬ ሮጥሁ። ለምን እንደሮጥሁ አትጠይቁኝ። ኡስታዝን ብቻ ማንጎው ዛፍ ሥር ቆመው አገኘኋቸው፤ "ማንጎ ውስጥ ቦምብ ማን አገባ?" እያሉ ነበር።

ፖሊስ ተጠራ። ፖሊሱ ጄኔሬተሩን አጥፉት አለ፤ ሲጠፋ ቦምቡም ጠፋ። እፎይ ተባለ። ጫማ ግን የለም። ሩጫው ላይ ሰው ያገኘውን አጥልቆ ሄዷል። ኡስታዝ የገመቹን ቆዳ ጫማ አድርገዋል፤ ሒሳብ ሹሙ ግራ ግራ እግር ብቻ ነው የደረሰው። የእኔን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ያን ዕለት ቤቴ የገባሁት የሴት ሸበጥ አድርጌ ነው።

ፍትሕ እንዳይጓደል ተብሎ ገመቹ በማግሥቱ ተራው ደረሰው። ደጃፉ ላይ ጫማ ያወለቀ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ጫማውን በእጁ ይዞ ገባ። ገመቹ ሰማዩን አሳየ፤ ደመናውን አሳየ፤ "ዋቃዮ፣ እዩት እስቲ!" ይላል ራሱ እየተደነቀ። ውስጥ ውስጡን ቆስያለሁ። ከዚያ እግዜር ይስጠው፣ መስኮቱም ደርቆ ቀረና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጻፈ። ኡስታዝ "ምን ይላል?" አሉ። ገመቹ ዳንቴሉን ሊያለብሰው ተንጠራራ። እኔ ግን ዝም የምልበት ቀን አልነበረም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ተረጎምሁት፤ "ሕገ ወጥ ድርጊት ስለፈጸመ ይዘጋል!"

"ማነው ሕገ ወጥ የሠራ?" አሉ ኡስታዝ።

ሰው ሁሉ ዞሮ ገመቹን አየው። ገመቹ ላብ በላብ ሆነ። አቤት ደስታዬ! ዕድሜው ግን አጭር ነበር፤ ሁለታችንም ለግምገማ ቀረብን።

ግምገማ ምን እንደሆነ ለምታውቁት አልነግራችሁም። ለማታውቁት ደግሞ እንዲህ ነው፤ አብረኸው የምትሠራው ሰው ሁሉ ይሰበሰብና ያለህን ጥፋት ይነግርሃል፤ ከዚያ የሌለህንም ይነግርሃል፤ በመጨረሻ አንተ ተነሥተህ ትክክል ናችሁ ትላለህ። ይህ ግለ ሂስ ይባላል። አንዱ ተነሥቶ በማንጎ ስም ቡድን ፈጥሯል አለኝ። ሌላው ቦምብ ያለበትን ማሽን እያወቀ ፈገግታ አስቀድሞ ሕዝብ አዘናግቷል አለ። እንዴት ያለ ነገር ነው! ገመቹን ደግሞ ሕገ ወጥ ድርጊት በራሱ ማሽን ስለተመሰከረበት ምስክር አላስፈለገውም። በመስኮት መውጣቱም በንብረት አያያዝ ተነሣበት፤ መስታወት ሰብሯላ።

"ግለ ሂስ ታደርጋለህ?" አሉኝ መድረክ ላይ ያሉት።

"ስለምን?"

"ስለ መዝጊያው።"

ደሜ ፈላ። ግን ልጄ ትዝ አለችኝ። እጇን ይዞ ሱቅ መሄድ ትዝ አለኝ። ለዚያ ስል ተነሣሁና በሕዝብ ፊት፣ በተውሶ ጫማ ቆሜ፣ መዝጊያ በግራም በቀኝም ቢሆን ልዩነት የለውም አልኩ። ውሸቴን ነው! ልዩነት አለው! ገመቹም ተነሥቶ ግራጫ ቀለም ላይ የነበረውን ግትር አቋም እንዳረመ ተናገረ። ሲናገር ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ እኔ ብቻ ነኝ ያየሁበት።

ከዚያ አድናቆት ያለው ይናገር ተባለ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ እጇን አወጣች። አቶ ዘለቀ ቦምቡን ቀድመው በማየት የሠራተኛውን ሕይወት ታድገዋል፤ ንቃታቸው ይመስገን አለች። ተጨበጨበ። ይህን ጊዜ ከመድረኩ ውሳኔው መጣ። ሁለቱ ባለሙያዎች ወገንተኛ ስለሆኑ ለሥልጠናው የሚላከው ከሁለቱም ማሽኖች ንክኪ የሌለው ሰው ይሁን። አቶ ዘለቀ! ንክኪ የለውም ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ሰውዬው ከዳንቴሉ በላይ ነክቶ አያውቅም!

ጮህሁ። ጠረጴዛ መታሁ። ቁጣዬም ተመዘገበ። ከስብሰባው ስወጣ ገመቹ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ የተናገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ቢያንስ አንተ ብትሄድ ይሻል ነበር፤ ልጅ አለችህ።" ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። የምጠላውን ሰው እንኳ በሰላም እንዳልጠላ ከለከለኝ።

አቶ ዘለቀ ሊሄዱ ሲሉ ከዛፋችን ሥር የለቀምሁትን ማንጎ በኬሻ ሞልቼ፣ ሰፈሩን አስረድቼ፣ ለልጄ አድርሱልኝ አልኳቸው። ምን ላድርግ? ቁጣ ማንጎ ከመላክ ይከለክላል ወይ?

ሄዱ፤ ሠለጠኑ፤ መጡ። የሠለጠኑት ማንጎም መስኮትም አይደለም። ጥቁሩን ነው! ያንን የድሮውን ኮምፒውተር፣ ጥቁር መስታወት ላይ ነጭ ፊደል ብቻ የሚለቀምበትን፤ ፈገግታ የለው፣ ሰማይ የለው፣ ቅርጫት የለው፣ መዝጊያ በግራም የለው በቀኝም የለው። ያን ሁሉ የተጣላንበት መልክ ጭራሽ የለውም። "ሥዕል የልጅ ነገር ነው" አሉ አቶ ዘለቀ፤ ለክልሉ የሚሆነው ጥቁሩ መሆኑን ሪፖርት አደረጉ፤ ሪፖርቱ ጸደቀ። ማንጎውንና መስኮቱን ከነዳንቴላቸው መጋዘን አስገብተው ቆለፉባቸው። ገመቹና እኔ ሲገቡ ጎን ለጎን ቆመን አየን። ማንጎው ላይ የቆመ አቧራ በእጄ ጠረግሁ። ገመቹም አብሮኝ ጠረገ።

"ማንጎውን አደረሱልኝ?" አልኳቸው አቶ ዘለቀን።

"እንዴ! ምን ዓይነት ልጅ ናት በል!" አሉ ፊታቸው በርቶ። "እናቷ ትምህርት ቤት ነበረች። በሩን ሳንኳኳ ልጅቷ ከፈተችና ኬሻውን አየች። 'ከአሶሳ ነው' ከማለቴ 'አባዬ!' ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።"

"እና ምን አሏት?" አልኩ የመጋዘኑን በር ጨብጬ።

"ምን ልበል? ልጅ ማሳፈር ይገባል? 'ወዬ' አልኳት።"

ወዬ አላት! ወዬ! ሰውዬው የኔን ሥልጠና ወሰደ፣ የኔን ማንጎ ይዞ ሄደ፣ የኔን "አባዬ" ተቀብሎ ወዬ አለ! እዚያው መጋዘኑ ደጃፍ ላይ አንገቱን ባንቀው ኖሮ ማን ይፈርድብኝ ነበር? ግን እኮ ሰውዬው ክፋት የለበትም። በየቢሮው እየዞረ እንደ መልካም ወሬ ይህንኑ ነው የሚያወራው። ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ።

በቀጥታ ኡስታዝ ጋ ገባሁ፤ ሳላንኳኳ። "ፈቃድ!" አልኩ። "ክልሉ አዲስ ነው እንዳትሉኝ! ልጄ አባቷ ዘለቀ መስሏታል!"

ኡስታዝ መነጽራቸውን አወለቁ። ወሬውን ሰምተው ነበር። "ልጅህ አሁን ትልቅ ሆነ?" አሉኝ።

"ሆነች።"

"ክልሉ አዲስ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ልጅ ግን አይጠብቅም። ሂድ። ማንጎ ያዝ።"

ፈቃዱን ተቀበልሁ፤ ማንጎውን ግን እምቢ አልኩ። ማንጎ ለዓይኔ አስጠልቶኛል! በማንጎ ተሰድቤአለሁ፣ በማንጎ ተገምግሜአለሁ፣ ማንጎ ይዞ የሄደ ሰው አባት ሆኖብኛል። በምትኩ ገበያ ወጥቼ ከቀርከሃ የተሠራች የልጅ ወንበር ገዛሁላት፤ የምታምር፣ መደገፊያ ያላት። አውቶቡሱ ባምባሲ ላይ ሲቆም ሴቶች ማንጎ በሳህን ደርድረው በመስኮት አስገቡልኝ። "በሰለ፣ ጋሼ! ማር ነው ጋሼ!" መስኮቱን ዘጋሁት። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ገዝቶ፣ እስከ ክርኑ እየተጨማለቀ፣ እስከ ሜንዲ ድረስ ሲበላ ፊቴን አዙሬ ተቀመጥሁ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበሯን ተሸክሜ በሬ ላይ ደረስሁ። ክራቫቴን አስተካከልሁ። አንኳኳሁ። የትንንሽ እግር ኮቴ ሰማሁ፤ በሩ ትንሽ ገርበብ አለ፤ ልጄ ናት። አድጋለች። ፊቴን አየች፤ ከዚያ እጄን አየች፤ ከዚያ ከኋላዬ ሌላ ነገር ይኖር እንደሆነ አንገቷን አስግጋ ፈለገች።

"አባዬን ነው የፈለግኸው፣ ጋሼ?" አለችኝ። "አባዬ የለም። አሶሳ ነው። ማንጎ ይዞ ነው የሚመጣው።"

መልስ ሳልሰጣት በሩን ዘጋችው፤ በቀኝ እጇ፣ በቀኝ በኩል።